ከሰፈሩ በፊት መስመሩን፦ ልጅ የሌለው ባለሙያ በአዲስ አበባ መሃል ቤት ሲመርጥ

ከደሴ ለሥራ ስመጣ መጀመሪያ የተከራየሁት ከከተማው ምሥራቃዊ ጫፍ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነበር። ኪራዩ ሜክሲኮ አካባቢ ካየሁት ስቱዲዮ ስላነሰ ያተረፍኩ መሰለኝ። ቢሮዬ ግን ሜክሲኮ ነው። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ወጥቼ፣ መገናኛ ላይ ተሰልፌ፣ ሌላ ታክሲ ይዤ ቤት ስደርስ 2 ሰዓት ያልፋል። በሁለተኛው መኝታ ቤት ዓመቱን ሙሉ የተቀመጠው ባዶ ሻንጣዬ ብቻ ነበር።

ልጆች ያሉት ቤተሰብ ቤት ሲፈልግ ከትምህርት ቤት ይጀምራል፤ ቀጥሎ መጫወቻ ግቢ፣ የሠራተኛ ክፍል፣ ጸጥታ እያለ ይሄዳል። እኛ ላጤዎች፣ ወይም ገና ያልወለድን ባልና ሚስት፣ ከዚህ ሁሉ ነጻ ነን። ብዙዎቻችን ግን ወላጆቻችን ሲመርጡ ያየነውን ይዘን ሰፊ ሳሎን እንፈልጋለን፤ ለማንተኛበት ክፍል እንከፍላለን። ልጅ የሌለው ሰው በኪራይ ብሩ ሊገዛው የሚገባው ካሬ ሜትር ሳይሆን ሰዓት ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የተነሣ ነው።

1. የመጀመሪያውን ወር ማረፊያ ከቤት ፍለጋው ለዩት

አዲስ አበባ በገባችሁ ሳምንት የረዥም ጊዜ ውል አትፈርሙ። ዘመድ ቤት ማረፍ የሚቻል ከሆነ እረፉ፤ ካልሆነ ከጓደኛ ጋር በደባልነት ወይም ለጥቂት ሳምንታት ፔንሲዮን ያዙ። ዘመድ ቤት ስታርፉ የምትወጡበትን ጊዜ ገና በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ። “እስከ ጥር መጨረሻ ነው” ብሎ መግባት ለእነሱም ለእናንተም ክብር ነው፤ እናንተንም ፍለጋውን እንዳታስተኙት ያደርጋችኋል።

ከመጣችሁበት ወረዳ መሸኛ ሳታወጡ እንዳትነሡ። የአዲስ አበባ የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው፤ ለአንድ ወረቀት ተመልሶ መሄድ ሁለት የሥራ ቀን ይበላል። ፋይዳ ካልተመዘገባችሁ ተመዝገቡ። የቅጥር ደብዳቤያችሁንም ቅጂ ያዙ፤ አከራይ ሲያየው ፊቱ ይፈታል።

2. መስመሩን ምረጡ

ደንቤ አንድ ነው፦ ከቤት እስከ ሥራ በእግር፣ ወይም በአንድ ታክሲ። ሁለት ታክሲ ማለት ሁለት ሰልፍ ነው። ዝናብ የጣለ ቀን ደግሞ ሁለተኛው ሰልፍ ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ ራይድም ሆነ ፈረስ በዚያች ሰዓት በስልክ ስትጠሩ መኪና ቶሎ አይገኝም።

ሒሳቡን በወር አስቡት። መንገዱ በአንድ ጉዞ አንድ ሰዓት ከጨመረባችሁ፣ ደርሶ መልሱ ሁለት ሰዓት፣ በ22 የሥራ ቀን 44 ሰዓት ነው። አንድ ሙሉ የሥራ ሳምንት ያህላል። ያን ጊዜ የማታ ትምህርት ልትማሩበት፣ ስፖርት ልትሠሩበት ወይም ልትተኙበት ትችላላችሁ። የኪራዩን ልዩነት ለ44 አካፍሉና አንዷን ሰዓት በስንት ብር እየሸጣችሁ እንደሆነ እዩ። እኔ ይህን ያሰብኩ ቀን ነው ቤት መፈለግ የጀመርኩት።

ሁለተኛው ነገር አቅጣጫ ነው። ጠዋት ሰው የሚጎርፈው ከአያት፣ ከጀሞ፣ ከቃሊቲ ወደ መሃል ነው፤ ማታ ተገላቢጦሽ። ቢሯችሁ ሲኤምሲ ወይም ሳሪስ ሆኖ መሃል ከተማ ብትኖሩ የምትጓዙት ከጎርፉ በተቃራኒ ነው። ታክሲው ወንበር አለው፣ መንገዱም ይቀላል። በካርታ ላይ ርቀቱ ያው ሆኖ በሰዓት ግን ግማሽ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ ሥራ መቀየራችሁ እንደማይቀር ነው። ልጅ የሌለው ባለሙያ የተሻለ ሲያገኝ ይሄዳል። ስለዚህ ከቢሮው በር ሥር መኖር ሳይሆን ብዙ መስመር የሚነሣበት ቦታ አጠገብ መኖር ይሻላል። ሜክሲኮ፣ ስታዲየምና ለገሃር፣ አራት ኪሎ፣ መገናኛ እንዲህ ያሉ ናቸው። ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት፣ ወደ ጀሞ፣ ወደ ጦር ኃይሎች፣ ወደ ፒያሳ ታክሲ ታገኛላችሁ። መሥሪያ ቤት ብትቀይሩ ቤት መቀየር አይኖርባችሁም።

ባቡሩንም አስቡበት። ከ2008 ጀምሮ የሚሠሩት ሁለቱ መስመሮች፣ አንዱ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፣ ከስታዲየም እስከ ልደታ በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ። ስለዚህ ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድ ወይም ልደታ አጠገብ የሚኖር ሰው ለአራቱም አቅጣጫ ባቡር አለው። ግፊያውንና ጥበቃውን ግን ራሳችሁ በሥራ ሰዓት ሞክሩት።

በተግባር እንዲህ አድርጉ፦ ያሰባችኋቸውን ሁለት ሦስት ቦታዎች ምረጡ፤ በሥራ ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እያንዳንዱ ቦታ ላይ ቆማችሁ እስከ ቢሮ ሂዱ፤ ሰዓቱን ጻፉ። ማታም 11 ሰዓት ተኩል መልሱት። እሁድ በራይድ ዞሮ “ቅርብ ነው” ማለት ራስን ማታለል ነው። ባልና ሚስት ከሆናችሁና አንዳችሁ ቦሌ፣ አንዳችሁ ፒያሳ የምትሠሩ ከሆነ የሁለታችሁን መካከል በኪሎ ሜትር ሳይሆን በደቂቃ ፈልጉት።

3. የምትተዉትንና የማትተዉትን ጻፉ

ሳሎኑን ተዉት። ተጨማሪ መኝታውን ተዉት። እንግዳ በዓመት ሁለት ጊዜ ቢመጣ ፍራሽ ይነጠፋል። ፓርኪንግም መኪና ከሌላችሁ አትክፈሉበት።

የማይተዉ አራት ናቸው፦ የራስ መጸዳጃና መታጠቢያ፣ የውሃ ታንከር፣ የራስ ቆጣሪ፣ የራስ የግቢ ቁልፍ። አራተኛው ትንሽ ይመስላል። አንዳንድ ግቢ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ በር ማስከፈት ልመና ነው። የወር መዝጊያ ሒሳብ የሚሠራ ወይም የሌሊት ተረኛ የሆነ ሰው በዚህ አይኖርም።

4. ሰፈሮቹ በላጤ ዓይን

ልደታ፣ ሰንጋ ተራና ሜክሲኮ። የባንኮቹ ዋና መሥሪያ ቤቶች የተደረደሩት እዚህ ነው። ባንክ፣ ኢንሹራንስ ወይም ፍርድ ቤት አካባቢ የምትሠሩ ከሆነ ከልደታ ኮንዶሚኒየም በእግራችሁ ትሄዳላችሁ። ሰንጋ ተራ ያሉት የ40/60 የቁጠባ ቤት ሕንፃዎች ሊፍት አላቸው፤ የሚሠራ መሆኑን ወጥታችሁ ወርዳችሁ እዩ። ማታ ማስተርስ ለሚማር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሜርስ ግቢ እዚያው ነው። ቅዳሜ ማታ ቢሮዎቹ ሲዘጉ መንገዱ ጭር ይላልና በጨለማ የምትገቡበትን ቅያስ አስቀድማችሁ እወቁት። እኔ አሁን የምኖረው እዚህ ነው፤ ስለዚህ አድልዎ እንዳለኝ ቁጠሩልኝ።

አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ። ለእኔ ለላጤ የሚመች ሕይወት ከሁሉ በላይ ያለው እዚህ ነው። ተማሪ የሚበዛበት ስለሆነ ቁርስና ምሳ ለብቻው የሚበላ ሰው አይቸገርም፤ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት፣ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ዩኒቨርሲቲው በእግር የሚደረሱ ናቸው። ጠዋት መሮጥ የሚወድ ጃንሜዳ አለለት። ግንፍሌና ባሻ ወልዴ ችሎት ያሉት ኮንዶሚኒየሞች ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ምቹ ናቸው። ቤተ መንግሥቱና ፓርላማው ቅርብ ስለሆኑ ግን መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። ጥር 10 እና 11 ደግሞ ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ ሲወርዱና ሲመለሱ ስድስት ኪሎ መኪና አይታሰብም፤ በእግር ወጥቶ ማክበር ነው።

ኡራኤልና ሃያ ሁለት። ባቡርም ታክሲም አለ፤ ወደ ቦሌም ወደ መገናኛም ቅርብ ነው። ምግብ ቤት፣ ጂም፣ ካፌ ሞልቷል። ችግሩ ሙዚቃ ነው። ከዋናው መንገድ ሁለት ቅያስ ገባ ብላችሁ ፈልጉ፤ የመኝታ ቤቱ መስኮት ወዴት እንደሚያይ ሳታዩ ቀብድ አትስጡ።

ቦሌ። ቢሯችሁ ቦሌ ከሆነ ይገባኛል። ካልሆነ ግን ከፍ ያለውን ኪራይ የምትከፍሉት ለስሙ ነው። የአውሮፕላኑን ድምፅ አንዳንዱ በሳምንት ይለምደዋል፣ አንዳንዱ በዓመትም አይለምደው።

ሳር ቤትና አሮጌው አየር ማረፊያ። ዛፉ ያምራል፣ ጸጥታው ደስ ይላል። የኪራዩ ዋጋ ውስጥ ግን ኤምባሲዎቹ፣ ትላልቅ ግቢዎቹና የልጆች ትምህርት ቤቶች ተካተዋል። አፍሪካ ኅብረት ካልሠራችሁ ለሌላ ሰው ፍላጎት አትክፈሉ።

ጎተራ፣ መሿለኪያና ሪቼ። ብዙ አይወራላቸውም፤ ግን ከሜክሲኮም ከስታዲየምም ከቦሌም ሩቅ አይደሉም። የጎተራ ኮንዶሚኒየም የቆየ ስለሆነ ነዋሪው ይተዋወቃል።

ፒያሳና ካዛንቺስን ለብቻ አነሣቸዋለሁ። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 በኮሪደር ልማቱና በመልሶ ማልማቱ ብዙ የድሮ ቤቶች ፈርሰውባቸዋል። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ ማታም ብርሃን አለ፤ ከፒያሳ አራት ኪሎ መሄድ አሁን ደስ ይላል። የሚከራይ ቤት ግን ቀንሷል። በመሃል ከተማ አሮጌ ሰፈር ቤት ስታገኙ፣ የትም ይሁን የት፣ ቦታው ለመልሶ ማልማት የታሰበ መሆን አለመሆኑን ወረዳው ሄዳችሁ ጠይቁ። የጎረቤቶቹ ግድግዳ ላይ በቀለም የተጻፈ ቁጥር ወይም ምልክት ካያችሁ ምን እንደሆነ ሳይነገራችሁ አትመለሱ።

5. ሦስት ጊዜ ሂዱ

አንደኛ ጠዋት፣ ለመስመሩ። ሁለተኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ከታክሲ ወርዳችሁ እስከ በሩ በእግር። መብራት አለ? ውሻ አለ? ክፍት ሱቅ አለ? ሴት ከሆናችሁ ይህን ጉብኝት ከጓደኛ ጋር አድርጉት፤ የሱቁንም ባለቤት አናግሩት፤ ማታ በሩን የሚከፍት ባለሱቅ ለሰፈሩ ዘበኛ ነው።

ሦስተኛው በበዓል ቀን ነው። አጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ማን እንደሆነ እወቁ፦ ልደታ በ1፣ እስጢፋኖስ በ17፣ ኡራኤል በ22፣ ቦሌ መድኃኔዓለም በ27። ዓመታዊው ንግሥ ሲሆን ሌሊቱን ማኅሌት አለ፤ ጠዋት መንገዱ በሰው ይሞላል። መስጊድ አጠገብ ከሆነ የንጋቱ አዛን አለ። ለአንዱ እንቅልፍ የሚነሣው ለሌላው የሰፈሩ በረከት ነው፤ የእናንተ የትኛው እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ። መስቀል አደባባይ ዙሪያ ለምትኖሩ መስከረም 16 ደመራ፣ ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ፣ የካቲት ላይ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ መንገድ ያዘጋሉ።

6. ውሃ፣ ውሃ፣ ውሃ

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ ላጤን የሚያማርረው ይህ ነውና። የአዲስ አበባ ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬ፣ ከገፈርሳና ከአቃቂ ጉድጓዶች ይመጣል፤ ለሁሉም ስለማይበቃ በፈረቃ ይሰጣል። ቤተሰብ ያለው ሰው ውሃ ማክሰኞ ረፋድ ቢመጣ የሚቀዳለት አለው። እናንተ ቢሮ ናችሁ። ማታ ስትመለሱ ሄዷል። ስለዚህ “ውሃ አለ ወይ?” ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ “ማንም ቤት ሳይኖር ራሱ የሚሞላ ታንከር አለ ወይ? ለእኔ ብቻ ነው የጋራ?” በሉ።

አከራይን ብቻ አትጠይቁ። ደረጃውን ውጡና የጎረቤቶቹን በር እዩ። በየበሩ ቢጫ ጀሪካን ከተደረደረ መልሱን አግኝታችኋል። አብዛኛው ኮንዶሚኒየም ላይ ሊፍት የለም፤ አራተኛ ፎቅ ጀሪካን መሸከም ምን እንደሆነ ትከሻዬ ያውቃል። ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ግፊቱ ስለሚያንስ ውሃው ታች ሲፈስ ላይ ላይደርስ ይችላል። የውሃ ፓምፕ ካለ የመብራቱን ማን እንደሚከፍል ጠይቁ።

መብራቱ አጭር ነው፤ ቆጣሪው የራሳችሁ፣ የሚቻል ከሆነ ባለ ካርድ ይሁን። ከአከራይ ጋር የጋራ ከሆነ እናንተ ሻይ ብቻ አፍልታችሁ የምጣድ ሒሳብ ትካፈላላችሁ። ሥራችሁን ቤት የምትሠሩ ከሆነ ኢንተርኔቱን በሞባይላችሁ እዚያው መኝታ ክፍል ውስጥ ሞክሩ፤ በረንዳ ላይ የሚሠራ ኔትወርክ ውስጥ ላይሠራ ይችላል።

ክረምትን በበጋ እዩት። የኮርኒሱን ማዕዘን ቀና ብላችሁ ተመልከቱ፤ ቡናማ ቀለበት ካለ ጣሪያው ያፈሳል፤ አዲስ ቀለም አንድ ማዕዘን ላይ ብቻ ከተቀባ ደግሞ ይበልጥ ጠርጥሩ። ቀበና፣ ግንፍሌ ወይም ባንተይቀጡ ወንዝ ዳር ከሆነ ሐምሌና ነሐሴ እንዴት እንደሚሆን ጎረቤት ያስረዳችሁ።

7. “ስንት ናችሁ?”

ይህ ጥያቄ ይመጣል። አንዳንዱ አከራይ ላጤ ይወዳል፤ ውሃ አያባክንም፣ ልጅ ግድግዳ አይጽፍበትም። ሌላው ወንደላጤ ይፈራል፤ ሴተላጤንም “ማን ይመጣብሻል?” ብሎ ይጠይቃል። እኔን አንዲት እናት በሩ ላይ አቁመው “ልጄ፣ አታስቀይሚኝና ባል አለሽ?” አሉኝ። “የለኝም እማማ፤ እህቴ በወር አንዴ ትመጣለች፣ ጓደኞቼም ቅዳሜ ቡና ይጠጣሉ” አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ቁልፉን ሰጡኝ። እውነቱን መጀመሪያ ንገሩ። ዋሽቶ የተገባበት ቤት ውስጥ እንግዳ በመጣ ቁጥር መሳቀቅ አለ።

ደላላ ስትይዙ ኮሚሽኑን ከመጀመሪያው ቤት በፊት ተነጋገሩ፣ ማን እንደሚከፍል ጭምር። መስመራችሁንና አራቱን የማይተዉ ነገሮች በግልጽ ንገሩት፤ “ደስ የሚል ቤት” ካላችሁት ቀኑን ሙሉ ያዞራችኋል። በቢሮ ባልደረባ በኩል የሚገኝ ቤት ከሁሉ ይሻላል፤ ሊለቅ ያሰበ ተከራይ የአከራዩንም ጠባይ የውሃውንም ቀን ያውቃል።

8. ውሉ

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለተከራይ ብዙ ነገር ቀይሯል፤ አዲስ መጪ ግን አያውቀውም። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ብቻ ነው። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል። እኔ መጀመሪያ ስከራይ የስድስት ወር በአንዴ በእጅ ከፍያለሁ፤ ደረሰኝ አልነበረኝም፤ ስወጣ የቀረውን ወር ማስመለስ አልቻልኩም።

ያከራያችሁ ሰው ባለቤት መሆኑን የቤቱን ማስረጃ አይታችሁ አረጋግጡ። ባለቤቱ ውጭ አገር ከሆነ ወኪሉ የማከራየት ሥልጣን የሚሰጥ ውክልና ማሳየት አለበት። የቀበሌ ቤትን ለሦስተኛ ወገን ማከራየት ክልክል ነው፤ መሃል ከተማ ላይ ርካሽ ሆኖ ያገኛችሁት ክፍል እንዲህ ያለ ከሆነ ነገ ወረዳው ሲመጣ ሜዳ ላይ የምትቀሩት እናንተ ናችሁ። ሥራ ሊቀየር ይችላልና ቀድማችሁ መውጣት ብትፈልጉ በምን ማስጠንቀቂያ እንደሚሆን ውሉ ላይ ይስፈር። ስትገቡ የግድግዳውን፣ የበሩን፣ የቧንቧውን ፎቶ አንሡ፤ የቆጣሪውን ንባብም።

9. የገባችሁበት ሳምንት

ዕቃ እሁድ ጠዋት አስገቡ፤ መንገዱ ክፍት ነው። የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች መኪናው ሳይቆም ይመጣሉ፤ ዋጋውን ገመዱ ሳይፈታ ተስማሙ። የበሩን ቁልፍ ጋን በዚያው ቀን ቀይሩ፤ ከእናንተ በፊት ስንት ሰው ቅጂ እንዳለው አይታወቅም።

ብቻውን የሚኖር ሰው ሲታመም በር የሚያንኳኳለት ያስፈልገዋል። እኔን ታይፎይድ ሁለት ቀን አልጋ ላይ የጣለኝ ጊዜ ጫማዬ ከበሩ አለመነሣቱን ያዩት ጎረቤቴ ናቸው፤ አጥሚት ይዘው መጡ። ስለዚህ የሕንፃው እድር “ለቤተሰብ ነው” ቢሏችሁም ለአንድ ሰው እንዴት እንደሚሆን ጠይቃችሁ ግቡበት። በመጀመሪያው ቅዳሜ ቡና አፍሉ፤ በግራና በቀኝ ያሉትን ጥሩ፤ ሰዎቹን ስታውቋቸው ሁለተኛውን ቁልፍ ለአንዳቸው ስጡ።